ሦስት ጠብታ የለበሰው ልጅ

ቀዛፊው ገመዱን ከፈታ በኋላ ወንዙን አየት አደረገና ሐሳቡን ቀየረ። "የዛሬው ውሃ ዓይኑ አላማረኝም፤ ትንሽ ይጉደል" ብሎ ጀልባዋን መልሶ ከግንዱ ጋር አሰራት። አምስት ስድስት የምንሆን መንገደኞች እያጉረመረምን ወደ ሸንበቆው ዳስ ተመለስን። የአምስተኛው ወር ዝናብ ከጀመረ ቀናት አልፈዋል። በኤዶ ከተማ ያልረጠበ ነገር ቢኖር የባሩድ በርሜል ብቻ ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር፤ ሰው ግን ቀልዱን ይናገራል እንጂ አይስቅም።

በጀርባዬ የማዝለውን የመጻሕፍት ቁልል በዘይት ወረቀት እንደተጠቀለለ አወረድኩና አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሥራዬ ከቤት ቤት እየዞሩ መጽሐፍ ማከራየት ነው። ደንበኞቼ "ከመጽሐፍህ ወሬህ ይሻላል" ይሉኛል፤ ቅር አይለኝም፤ እኔም ከሥራው የምወደው ያንኑ ነው።

ሽማግሌው ስድሳ ሊሞላቸው የተቃረቡ፣ ትከሻቸው ወደ ፊት የጎበጠ፣ ጣቶቻቸው ግን እንደ ወጣት ጣት ቀጥ ያሉ ናቸው። ጭናቸው ላይ የትሪ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ነገር በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ከዳሱ ክዳን ውሃ ሲንጠባጠብ አናታቸው እየበሰበሰ እሱን በእጅጌያቸው ይከልላሉ።

"አጎቴ፣ የዓሣ መክተፊያ ነው?" አልኳቸው፣ ወሬ ለመጀመር ያህል።

"መክተፊያ ቢሆንማ በምን ዕድሌ!" አሉ ቀና ሳይሉ። "ዓሣ ተከትፎ ሲቀርብ 'ይሄኛው ማን ነው?' ብሎ የሚጠይቅ የለማ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ልጆች ናቸው። አሥራ አንድ። አሥሩ ይደባደባሉ፣ አንዱ ቆሞ ያያል። ቤቴን ያፈረሰው ያ ቆሞ የሚያየው ነው።"

ያን ጊዜ ገባኝ። የጨርቁን ጫፍ ገለጥ ቢያደርጉልኝ ጥቁር ቀለም የጠጣ የቼሪ ዛፍ ሳንቃ ነው፤ ሥዕል የሚታተምበት። በእንጨት ላይ ሁሉም ነገር ግራና ቀኙ ተገልብጦ ቢታይም ሥዕሉን ወዲያው ለየሁት።

ጦርነቱን በስሙ ጠርቶ መጻፍም ሆነ መሣል በዚያን ሰሞን ክልክል ነበር። ከምዕራብ የመጣው ጦር ቤተ መንግሥቱን ተረክቦ ተቀምጧል፤ እጅ አንሰጥም ያሉት የቀድሞው ጌታ ወጣት ሰይፈኞች ደግሞ በሰሜን በኩል ባለው የቤተ መቅደስ ኮረብታ ላይ መሽገዋል፤ እኛ መሐል ነን። አሳታሚዎችም ጦርነቱን ትተው የመንደር ልጆች ጠብ ያትማሉ። በሥዕሉ ላይ ያለው ሁሉ ንፍጡን ያዝረበረበ፣ መቀነቱ የተፈታ ባለጌ ሕፃን ነው። የልብሱን ጌጥ ያየ ግን ማን እንደሆነ ያውቃል። ሻማ የለበሰው በሻማ የሚታወቀው አገር መስፍን ነው፤ የደረቀ ዓሣ የለበሰው የዚያ የዓሣው አገር። ኤዶ ውስጥ ይህን ማንበብ የማይችል ሰው አልነበረም፤ ፊደል ያልቆጠረው ጭምር።

የሽማግሌው ሳንቃ "የጭቃ ጠብ" የምትባለው ናት። በግራ በኩል የምዕራቦቹ ልጆች አንዱን ጎረምሳ በትከሻቸው ተሸክመው ጭቃ ይወረውራሉ። በቀኝ በኩል የጥድ ቅጠል የለበሰ ልጅ ኩሬ ውስጥ ዘፍ ብሎ ተቀምጦ፣ አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ እያለቀሰ "አልተሸነፍኩም!" ይላል። ያ ማን እንደሆነ ኮረብታውን ቀና ብሎ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ከሁሉም ኋላ፣ ጉድጓድ ውሃው አጠገብ፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ዝም ብሎ የሚያይ አንድ ልጅ አለ። ልብሱ ላይ ሦስት የውሃ ጠብታ።

ስለዚያ ልጅ እኔው ራሴ ቢያንስ በሰባት ቤት ተናግሬያለሁ። "ሦስቱ ጠብታዎች እስከ ዛሬ ወዴት እንደሆኑ ያልለየላቸው ሦስት መሳፍንት ናቸው፤ ከኋላው የደበቀውም ድንጋይ ነው" ብዬ። ማን ነገረህ ቢሉኝ ማንም። ስለው ስላማረብኝ ነው። ይህን ለሽማግሌው ወዲያው መንገር አልደፈርኩም።

"እርስዎ ነዎት የጠረቡት?" አልኩ።

"ልብሱን። እኔ የልብስ ሰው ነኝ" አሉ። "ኩማዞ ይሉኛል። በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው ጠራቢ ቤት የገባሁት፤ አባቴ ክዳን ከዳኝ ነበር፣ ከጣሪያ ላይ ወድቆ ሞተና እናቴ 'ይሄኛውስ መሬት ላይ ይቀመጥ' ብላ ሰጠችኝ። ይኸው ተቀምጫለሁ። ፊትና ፀጉር የሚጠርበው ዋናው ጠራቢ ነው፤ እኔ ልብስ፣ ግድግዳ፣ ውሃ፣ ዛፍ። አርባ ስምንት ዓመት ሰው አልብሻለሁ፤ ለኔ ለራሴ ግን ሁለት ኪሞኖ ነው ያለኝ።"

"እና ጠብታዎቹ ምንድን ናቸው?" አልኩ።

ኩማዞ ቀና ብለው አዩኝ። "አንተም?" አሉ።

"ይቅርታ አጎቴ።"

"ግድ የለም። ሁሉም ይጠይቃል።" ትምባሆ ፈልገው ከረጢታቸውን ዳበሱ፤ ረጥቧል፤ መልሰው አስገቡት። "ሠዓሊው ሥዕሉን ሲልክልኝ፣ እዚያ ልጅ ልብስ ላይ አንዲት ነገር ብቻ ጽፎ ነበር፦ 'የሆነ ነገር'። በቃ። የሆነ ነገር አድርግበት ማለቱ ነው። ባዶ ቦታ ስለተረፈው ነው ልጁን ራሱን እዚያ ያቆመው። እጁን ወደ ኋላ ያደረገውም ጣት መሣል ስለሚጠላ ነው፤ የዚያን ሰውዬ ሥዕሎች ብታይ ሁሉም እጁን ይደብቃል። እኔ የምሠራው መስኮት ሥር ነው። ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ የሚታየኝ የሚስቴ ወንድም ሱቅ መጋረጃ ነው። ጨርቅ ነካሪ ነው፤ ሺገማቱ ይባላል። ሰማያዊ መጋረጃው ላይ ሦስት ጠብታ አለ፤ የነካሪ ነገር፣ ሌላ ምን ይሆናል? ዓይኔ አየ፣ እጄ ጠረበ። ማዶ ያለው ዓሣ ሻጭ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ዛሬ ዓሣ ለብሶ ነበር።"

"ታዲያ ያን የሠዓሊውን ጽሑፍ ብታሳዩ..."

"ወንድሜ፣ አንተ መጽሐፍ ታከራያለህ እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አታውቅም ማለት ነው። የሠዓሊው ወረቀት እኮ ሳንቃው ላይ በፊቱ ይለጠፋል፤ በላዩ ላይ ነው የምንጠርበው። ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱም ያልቃል። ያቺ 'የሆነ ነገር' የምትለዋ በገዛ መሮዬ ተፍቃ ከፍቅፋቂው ጋር እሳት ገብታለች። ሠዓሊው ደግሞ ነገሩ ሲሸተው ሚስቱን ይዞ ወደ ገጠር ወጥቷል።"

ከወንዙ ማዶ ከባድ ነገር በጭቃ ላይ የሚጎተት ዓይነት ድምፅ መጣ። ዳሱ ውስጥ ያለነው ሁሉ ጆሯችንን አቀናን። አንዲት ሴት "ነጎድጓድ ነው" አለች።

ኩማዞ ድምፁ እስኪጠፋ ጠብቀው ቀጠሉ። "መጀመሪያ ጥሩ ነገር ነው የመሰለን። ሰው ሥዕሏን ይዞ ሱቁ ድረስ እየመጣ መጋረጃውን ያያል፣ ይጠቃቀሳል፣ 'ሦስት ጠብታ ያለበት የራስ ፎጣ ንከርልን' ይላል። ሺገማቱ ደስ አለው። እሱ ደግሞ ቀልድ ካገኘ ምሳውን የሚረሳ ሰው ነው። 'ልጁ አንተ ነህ አሉ፣ ከኋላህ የደበቅከው ምንድን ነው?' ሲሉት፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ 'ነገ ታያላችሁ' ይላቸዋል። ነገ ታያላችሁ! እንዲህ ባለው ሰሞን!"

"ውይ" አልኩ።

"ኦናሚ፣ ሚስቴ፣ ለመነችው። 'ወንድምዬ፣ ተው፣ ይህን ነገር አትበል' ብላ። 'እህቴ፣ ሰው እኮ እየሳቀ ነው የሚሄደው' አላት። እየሳቁ ነበር፣ እውነቱን ነው። እኔ አሳታሚው ዘንድ ሄጄ ያን ልብስ ልንቀልልህ አልኩት። ሳንቃ ላይ የተሳሳተ ነገር ሲኖር ቦታው ተፈልፍሎ ሌላ እንጨት እንደ ውሻል ይገባበትና እንደገና ይጠረባል፤ የተለመደ ነው። አሳታሚው 'አብደሃል? ሰው ሥዕሏን የሚገዛው እኮ ለዚያ ልጅ ብሎ ነው' አለኝ።"

"ታዲያ ተዉት?"

"በድብቅ ነቀልኩት። አታሚው ወዳጄ ነው፤ እዚህ በወንዙ በኩል ነው ቤቱ፤ ሳንቃውም እሱ ዘንድ ነው የሚቀመጠው። ጠብታዎቹን ነቅዬ ባዶ እንጨት ሞላሁበት፤ ያለ ምንም ጌጥ። በሦስተኛው ቀን ምን ቢወራ ጥሩ ነው? 'ልጁ ምልክቱን አወለቀ፤ ስለዚህ ቀኑ ደርሷል።' እሱንም ነቅዬ ሸንተረር ያለው አደረግሁለት። ሸንተረሩን ደግሞ የሆነ መስፍን አሽከሮች ይለብሱታል ለካ! የእነሱ ሰው መጥቶ አታሚውን በር ላይ ቆሞ ሲያየው ዋለ። ሸንተረሩንም ነቅዬ ቀዳዳውን ባዶ ተውኩት። አየህ፣ ሰው ማንበብ ከጀመረ ማንንም የማይመስል ልብስ የለም። አርባ ስምንት ዓመት ልብስ ጠርቤ ይህን አላውቅም ነበር።"

"ሺገማቱስ?" አልኩ፣ ምንም እንኳ መልሱን ብፈራው።

"የኮረብታው ልጆች ከወሰዱት ሦስተኛ ቀኑ ነው። አራት ሆነው መጡ፤ ጨዋ ናቸው፣ ጫማቸውን እንኳ ከደጅ አራግፈው ነው የገቡት። 'ነገ ምንድን ነው የምናየው?' አሉት። እሱ ሳቀ። እነሱ አልሳቁም።" ሳንቃውን መታ አደረጉት። "ይህንን ይዤ እየሄድኩ ነው። ቀዳዳውን አሳያቸዋለሁ፣ የነቀልኳትን እንጨት አሳያቸዋለሁ፤ እዚህ ከረጢቴ ውስጥ አለች። ስህተቱ የኔ እንጂ የሱ እንዳልሆነ በዓይናቸው ያያሉ። ሰላይ አይደለም። ነካሪ ነው፣ ለፍላፊ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።"

"ግን አጎቴ..." አልኩና ቆምኩ።

"በል፣ ጨርሰው።"

"እዚያው ሳንቃ ላይ የሚያለቅሰውም ልጅ አለ።"

"መኖሩ አይደል የከፋው!" አሉ ኩማዞ። "የጥዱን ቅጠል የጠረብኩት እኔ ነኝ። እሱን ነቅዬ ብሄድ ደግሞ ውሸታም እሆናለሁ፤ ውሸታም ሆኜ ስለ ሺገማቱ ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ?"

ቀዛፊው ተጣራ። ዝናቡ አላቆመም፤ ውሃውም አልጎደለም፤ መጠበቁ ሰልችቶት ነው መሰለኝ። ጀልባዋ መሐል ወንዝ ስትደርስ ስለ ሰባቱ ቤቶች ለኩማዞ ነገርኳቸው። ስለ ሦስቱ መሳፍንት፣ ስለ ድንጋዩም። ቡናማውን ውሃ እያዩ ሰሙኝ።

"ድንጋይ?" አሉ በመጨረሻ። "እኔ የሰማሁት የባሩድ ማቀጣጠያ ገመድ ነው። ድንጋይ ይሻላል።"

"እስከ ኮረብታው አብሬዎት እሄዳለሁ" አልኩ።

"ለምን?"

"መንገዴ ነው።" መንገዴ አልነበረም። እሳቸውም ያውቃሉ።

ማዶ መውረጃው ላይ ሦስት የምዕራብ ጦር ወታደሮች ቆመዋል። አለቅየው እንደ አንበሳ ጎፈር ያለ ቀይ ሰው ሠራሽ ፀጉር ደፍቷል፤ ውሃ ጠጥቶ ግንባሩ ላይ ተለጥፎበታል። አነጋገሩ የሩቅ አገር ስለሆነ እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ማስደገም ነበረብን። መጻሕፍቴን ገላለጠ፣ አንዱን የፍቅር ታሪክ ጥቂት አነበበ፣ መለሰልኝ። ከዚያ የኩማዞን ጨርቅ ፈታ።

ሳንቃውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ አየው። አውራ ጣቱን በላዩ ላይ ጎተተ፤ ጥቁር ሆነ። ፊቱ ቀስ እያለ ሲበራ ታየኝ።

"ይቺን እናውቃታለን!" አለና ጓደኞቹን ጠራ። "ኑ እስቲ፣ እዩ፣ ሰፈራችን ግድግዳ ላይ ያለችው ናት! ይሄ በትከሻ ላይ ያለው እኛ ነን። ወፍሮ ነው እንጂ።"

ሳቁ። ኩማዞም ከንፈራቸውን ከጥርሳቸው ገለጥ አደረጉ፤ ሳቅ ከተባለ።

"ይሄኛውስ?" አለ ባለ ጎፈሩ፣ ጣቱን ቀዳዳው ላይ አሳርፎ። "የኛው ላይ ልብስ ነበረው። ሦስት ጠብታ። ማን ገፈፈው?"

"ተበላሽቶ ነው ጌታዬ፤ ልጠግነው ነው" አሉ ኩማዞ።

"ታውቀዋለህ?"

"ማንም አይደለም።"

"የጠየቅነው ሁሉ እንደዚያ ይላል" አለ ወታደሩ። ሳቁ ከፊቱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ጨርቁን ራሱ መልሶ ጠቀለለው፤ በጥንቃቄ። "እኛም እየፈለግነው ነው። ካገኘኸው መጀመሪያ ለኛ ትነግረናለህ። ሰማህ አባት?"

ከመውረጃው ርቀን ሁለት መንገድ ተሻገርን። ከዚያ "ሁለቱም" አሉ ኩማዞ ብቻቸውን እንደሚያወሩ ሰው። "ሁለቱም ይፈልጉታል። ብቻ ከሺገማቱ ጋር ዛሬውኑ እንውጣ እንጂ፣ መጋረጃውን ለራሴ መቀነት አደርገዋለሁ።"

ወደ ኮረብታው የሚወስደው መንገድ ባዶ ነበር። የአኩሪ አተር አይብ ሻጩ ሱቅ በሳንቃ ተቸንክሯል፤ ባለ ሻይ ቤቷ ሴትዮ ድስቶቿን በገመድ አስራ ጋሪ ላይ ትጭናለች። "ወዴት ነው ሰዎች?" ብላ ጠየቀችን። "ወደ ላይ" አልኳት። "ወደ ላይ!" አለችና የያዘችውን ድስት አስቀምጣ እስክናልፍ ድረስ አየችን። አንድ ውሻ ተከትሎን መጥቶ፣ ከበሩ በፊት ባለው ድልድይ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ።

በሩ ላይ ያሉት ልጆች ግንባራቸውን በነጭ ጨርቅ ያሰሩ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የሆኑ ናቸው። ልጆች ማለቴ አውቄ ነው፤ ጺም ያለው ጥቂት ነበር። ወደ ቤተ መቅደሱ አዳራሽ በረንዳ ወሰዱንና አለቃቸው መጣ፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ እንደ አስተማሪ ትዕግሥተኛ። ኩማዞ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ሰላምታ ከሰጡ በኋላ ሳንቃውን ገልጠው አቀረቡለትና ስህተቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ፤ መስኮቱን፣ መጋረጃውን፣ 'የሆነ ነገር' የምትለዋን። አለቃው ሳያቋርጥ ሰማ።

"እና ይሄ ማን ነው?" አለ ቀዳዳው ላይ እያየ።

"ማንም አይደለም ጌታዬ።"

"በዚህ ሳንቃ ላይ ሁሉም የሆነ ሰው ነው። ይሄ ዓሣው ነው፤ ይሄ ሻማው ነው። እሱ ብቻ ማንም ያልሆነበት ምክንያት ምንድን ነው?"

"ሠዓሊው ባዶ ቦታ ስለተረፈው ነው ጌታዬ።"

ከኋላ የቆሙት ልጆች ፈገግ አሉ። ኩማዞ ከረጢታቸውን ፈተው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል እንጨት አወጡና ቀዳዳው ውስጥ አስቀመጧት። ያለ መዶሻ፣ ያለ ግፊት ጥርቅም ብላ ገጠመች። ሦስቱ ጠብታዎች ተመልሰው ታዩ።

"ከዚህ የነቀልኳት እኔ ነኝ፤ የጠረብኳትም እኔ ነኝ። ከመስኮቴ የሚታየኝ እሱ ስለሆነ ብቻ ነው። ማዶ ያለው ጥርስ ነቃይ ቢሆን ኖሮ ይሄ ልጅ ጥርስ ለብሶ እናንተ ዛሬ ጥርስ ነቃይ ታስሩ ነበር።"

አንዱ ወጣት ሳቁ አመለጠው። አለቃውም ሳቅ አለ። "አመንኩህ" አለ። "ሰላይ ቢሆን እንዲህ ያለ የማይረባ ታሪክ አይፈጥርም።"

ኩማዞ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግን አለቃው አልተነሣም። ሳንቃውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው።

"እሱን እውነት ከነገርከኝ ሌላውንም ትነግረኛለህ" አለ በዚያው ድምፅ። "እኛ የቱ ነን?"

ዝናቡ ከክዳኑ ጫፍ ላይ እየተንፎለፎለ ይወርዳል። ከልጆቹ አንድም የሚንቀሳቀስ የለም። ኩማዞ ጣታቸውን አነሡ፣ ኩሬው ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ላይ አሳረፉት።

"ይሄ።"

"የሚያለቅሰው።"

"የሚያለቅሰው ጌታዬ።"

"እሱም ቦታ ተርፎት ነው?"

"አይደለም ጌታዬ" አሉ ኩማዞ።

አንዱ ወጣት ሰይፉ መያዣ ላይ እጁን አደረገ። አለቃው ዞር ሳይል "ተው" አለው። ሳንቃው ላይ ያለውን ልጅ አየው፤ የተከፈተ አፉን፣ ንፍጡን። ሲናገር የተቆጣ አይመስልም ነበር፤ ከቁጣ ይልቅ ያ ነው ያስፈራኝ።

"አልዋሸህም። ስለዚህ ነካሪው ይሂድ። አንተ ግን ትቀመጣለህ። ይሄ ልጅ ይነሣል። ይስቃል። ሥዕሏ እንደገና ትታተማለች፤ ከተማው አይቶት እስኪጠግብ ትለጠፋለች። ስትጨርስ ትሄዳለህ።"

"ጌታዬ፣ እኔ ፊት ጠርቤ አላውቅም። የልብስ ሰው ነኝ።"

"እኛም የጦርነት ሰዎች አልነበርንም" አለ አለቃው። ተነሥቶ ሄደ።

ሺገማቱን ከኋላ በኩል አመጡት። ስለ እሱ ከሰማሁት የተነሣ ሞቅ ያለ፣ ጮክ የሚል ሰው ነበር የጠበቅሁት። እስከ ክርኑ ድረስ በቀለም የተነከረ ቀጭን ሰው ነው፤ አንድ እጅጌው የለም። አማቹን ሲያይ አልሮጠም፤ አጠገባቸው መጥቶ ቁጢጥ አለ።

"መቱህ?" አሉት ኩማዞ።

"ብዙም አይደለም። ጠየቁኝ። 'ነገ ምን እናያለን?' ብለው። ጠዋት ጠየቁኝ፣ ቀትር ላይ ጠየቁኝ። በየቀኑ ያንኑ።"

"ምን አልካቸው?"

"ምን አለኝና? አላውቅም አልኳቸው። ከዚያ እነሱም እንደማያውቁ ገባኝ። ኩማ ወንድሜ፣ እነሱ እኮ የምሬን የማውቅ መስሏቸው ነው። ጨንቋቸው ነው የሚጠይቁኝ።" ሳንቃውን፣ ከከረጢቱ የወጡትን መሮዎች፣ ኩማዞ የተቀመጡበትን ምንጣፍ አየ። "አንተ ለምን አትነሣም?"

"ሥራ አገኘሁ" አሉት ኩማዞ። "ሂድ ከዚህ መጽሐፍ አከራይ ጋር። ወሬ ይወዳል፤ አንተ ግን እስከ ቤት ድረስ አንድም ነገር አትናገር። ለሰላምታ እንኳ ቢሆን ራስህን ነቅንቅ።"

ሺገማቱ ሊከራከር አፉን ከፈተ። በሕይወቱ ምናልባት የመጀመሪያው ይሆናል፣ መልሶ ዘጋው። በሰማያዊ እጁ የኩማዞን ጉልበት ያዝ አድርጎ ለቀቀው፤ ተነሣ።

በሩ አጠገብ ያሉት ወጣቶች አፈር በጆንያ እየሞሉ ይደረድራሉ። ዛፎቹ መሐል ሁለት መድፎች በምንጣፍ ተሸፍነው አፋቸውን ወደ ከተማው አዙረዋል። ከታች፣ ከወንዙ በኩል፣ ዳሱ ውስጥ ሆነን የሰማነው የመጎተት ድምፅ እንደገና መጣ፤ አሁን ቅርብ ነው፤ ነጎድጓድ ነው የሚል ሰውም የለም። ነካሪውን ቀድሞ እንዲወርድ ነግሬው ወደ ኩማዞ ተመለስኩ። ሳንቃውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ቀጭኗን መሮ በድንጋይ እየሳሉ ነው።

"አጎቴ፣ ስንት ቀን ይፈጃል?"

"ውሻሉ ገብቶ እስኪጠብቅ ሁለት ቀን፣ ጠረባው አንድ ቀን።" መሮዋን ወደ ብርሃኑ አነሡ። "ኦናሚን ሥራ አገኘ በላት፤ የት እንደሆነ አትንገራት።"

"ፊቱን ይችሉታል?"

"ፊቱን እንደምንም አስቀዋለሁ" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከሳንቃው ሳያነሡ። "የቸገረኝ እግሮቹ ናቸው። ከጭቃው አንሥቼ በየትኛውም በኩል ባቆመው፣ ይሄ ልጅ ሊሮጥ የተነሣ ነው የሚመስለው።"